ሦስት ልጅ፣ ሦስት ዕድሜ፣ አንድ መዝናኛ፦ መጫወቻውን ሳይሆን ዓይኑን ቁጠሩ

 

ሰሞኑን ከሸዋ ሮቢት አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦

"ዶክተር፣ ልጆቼን አዲስ አበባ ወስጄ ላዝናናቸው ቃል ገብቻለሁ። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ጥሩ ውጤት ስላመጣ ቢሾፍቱ የውሃ ፓርክ ካልወሰድሽኝ ብሎኛል። ሁለተኛዋ 8 ዓመቷ ናት፤ የሚሽከረከር ነገር ስታይ ነፍሷ ነው። ትንሹ ገና 2 ዓመት ተኩሉ ነው። አባታቸው በሥራ ምክንያት አብሮን መሄድ አይችልም። እናቴ አብራኝ ትሄዳለች፤ ግን ጉልበቷን ያማታል። ሦስቱንም የሚያስደስት አንድ ቦታ የቱ ነው? ከጤና አንጻርስ ምን ልጠንቀቅ?"

ጥያቄዋ የአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከአጣዬ፣ ከሰንበቴ፣ ከካራቆሬም ሆነ ከደብረ ሲና ትምህርት ሲዘጋ ወይም በዓል ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እንዲሆን እዚህ ጽፌዋለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

📌 መጀመሪያ አንድ ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆቴል ዋና ገንዳ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ከጎናችን አንድ ትልቅ ቤተሰብ ምሳ እየበላ ነው። አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አጎት፣ የቤተሰብ ወዳጅ፤ ሲቆጠሩ ሰባት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ገንዳው ዳር ይጫወታሉ። ድንገት ከሌላ ጠረጴዛ አንድ ወጣት ዘሎ ልብሱን እንደለበሰ ውሃው ውስጥ ገባና የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ወጣ። ቤተሰቡ ልጁ መስመጡን ያወቀው ያኔ ነው! ጩኸት አልነበረም፣ መንቦጫረቅ አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ሳል በሳል ሆኖ ተነፈሰ፤ ሆስፒታል አድሮ በሰላም ወጣ።

እናትየው እያለቀሱ ያሉት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። "እኔ እሱ የሚያየው መስሎኝ፣ እሱ ደግሞ እኔ የማየው መስሎት..."

ሰባት ትልቅ ሰው ነበረ። ዓይን ግን አንድም አልነበረም።

የዛሬው ምክሬ ይኸው ነው። ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን ይዛችሁ መዝናኛ ስትመርጡ "ስንት መጫወቻ አለው?" ከማለታችሁ በፊት "እኛ ስንት ዓይን አለን?" ብላችሁ ቁጠሩ። ቦታው የሚመረጠው ባለን ዓይን ልክ ነው።

📌 "ዓይን" ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ዓይን ማለት ስልኩን ያስቀመጠ፣ ያልጠጣ፣ ከሌላ ሰው ጋር ወሬ ያልያዘ፣ ሮጦ መድረስ የሚችል እና "ይሄን ልጅ የማየው እኔ ነኝ" ብሎ የተረከበ ትልቅ ሰው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ምርቃታቸው ብዙ ነው፤ ቁጭ ብለው ዕቃ ይጠብቃሉ፣ የደከመውን ያስተኛሉ። ሮጠው ግን አይደርሱም። ስለዚህ ዓይን ብለን አንቆጥራቸውም። የ13 ዓመቱ ልጅም ዓይን አይደለም። "ወንድምህን እይ" ብሎ ውሃ ዳር ትቶ መሄድ ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ነው። እሱም ልጅ ነው፤ ሊጫወት ነው የመጣው። ደግሞም አንድ ነገር ቢፈጠር ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው እሱ ነው።

ለየትኛው ዕድሜ ስንት ዓይን ያስፈልጋል?

👉 ከ5 ዓመት በታች፦ ውሃ ባለበት ቦታ ለአንድ ልጅ አንድ ዓይን፣ ያውም እጅ በሚደርስበት ርቀት። ውሃ በሌለበት ግቢ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ሁለት ትንንሽ ልጆችን እንደምንም ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመስጠም አደጋ በብዛት የሚሞቱት ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፤ ቀጥለው ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉት ይመጣሉ።

👉 ከ5 እስከ 9 ዓመት፦ ይሮጣሉ፣ ይወጣሉ፣ አይፈሩም። የሚመጣ ነገር ፍጥነትንና ርቀትን መገመት ግን ገና አልቻሉም። ሁልጊዜ ከምታዩአቸው ቦታ መራቅ የለባቸውም። ዋና የማይችል የ8 ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ከገባ እንደ ትንሹ ልጅ ነው የሚቆጠረው።

👉 ከ10 ዓመት በላይ፦ ትንሽ ነጻነት ይፈልጋሉ፤ ተገቢም ነው። ብቻቸውን ሳይሆን ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ጋር፣ የመገናኛ ሰዓትና ቦታ ተነግሯቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሮቢ ወንዝ ዳር ተንቦጫርቆ ያደገ ልጅ "ዋና እችላለሁ" ይላል። እግሩ መሬት በማይነካበት ገንዳ ዋኝቶ ካላሳየን በስተቀር እንደማይችል እንቁጠረው።

📌 ቦታዎቹን በዚህ ሚዛን እንያቸው

የመግቢያ ዋጋና የሥራ ሰዓት ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍኩም። የትኛውም ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ደውላችሁ ወይም ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

1. ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ (ቢሾፍቱ)። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ13 ዓመቱ ልጅ ህልሙ ነው፤ ትልልቅ የውሃ ሸርተቴዎች አሉት። የቢሾፍቱ አየርም ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቅ ስለሚል ለቆላ ልጅ ይመቻል። በዓይን ሚዛን ግን ከሁሉም ውድ የሆነው ይህ ነው፤ ውሃ ነዋ! ዋና ለማይችሉ ሦስት ልጆች ሦስት ዓይን ይፈልጋል። የገንዳ ጠባቂ መኖሩ ጥሩ ነው፤ እሱ ግን የሁሉንም ሰው ልጅ ነው የሚያየው፣ የእናንተን ብቻ አይደለም።

2. እንጦጦ ፓርክ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀ ሰፊ የጫካ ፓርክ ነው። ዚፕላይን፣ ጎ ካርት፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ብስክሌት እና ረጅም የእግር መንገድ አለው። ከ10 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በጣም ጥሩ ነው። ለ2 ዓመት ልጅ ግን ከሩጫ በቀር ብዙ የለውም። ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ ተነስቶ በማግስቱ እንጦጦ የወጣ ልጅ ቶሎ ቢደክም ወይም ራሱን ቀለል አድርጎ ቢያመው አይግረማችሁ። መጀመሪያ አንድ ቀን አዲስ አበባ አሳርፉት፣ ውሃ አጠጡት፣ ሹራብ አልብሱት። አስም ያለበት ልጅ የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ መያዝ አለበት።

3. አንድነት ፓርክ። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነው ለሕዝብ የተከፈተው። ታሪካዊ ሕንጻዎች አሉ፣ የእንስሳት ማቆያ አለ፤ ጥቁር ጋማ ያለው የአገራችን አንበሳ ይታያል። አንበሳ ለ2 ዓመቱም ለ13 ዓመቱም አንበሳ ነው! የዕድሜ ልዩነት የማይገባው ቦታ ማለት እንዲህ ያለው ነው። አያትም የነገሥታቱን ታሪክ ለልጆቹ ይነግሯቸዋል። የእግር መንገዱ ትንሽ ስለሚበዛ አያትን በየመሃሉ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

4. ወዳጅነት ፓርክ። ሰፊ ሜዳ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ። ለትንሹና ለመካከለኛዋ ይስማማል። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስላለ ትንሹን ልጅ ከውሃው ዳር አርቁት። ዓይን ለሚያንሰው ቤተሰብ ግልጽ የሆነ ሜዳ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ልጁ ቢሮጥም ይታያል።

5. የሳይንስ ሙዚየም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ተመረቀ። ቤት ውስጥ ስለሆነ በዝናብ ቀን ያድናል። ለትልቁ ልጅ ጥሩ ነው፤ ትንሹ ግን ቶሎ ይሰለቻል።

6. እንደ ቦራ ያሉ የሚሽከረከርና የሚወዛወዝ መጫወቻ ያላቸው ቦታዎች፣ በየገበያ ማዕከሉ ያሉትን ጨምሮ። የ8 ዓመቷ ልጅ ልቧ ያለው እዚህ ነው። ጥሩነቱ ልጆቹ አንድ በአንድ ስለሚጫወቱ አንድ ዓይን ብዙ ያብቃቃል። ጥንቃቄው ከዚህ በታች አለ።

📌 መጫወቻው ላይ፦ ዕድሜ ሳይሆን ቁመት

"ልጄ ጎበዝ ነው፣ አይፈራም፣ ያስገቡት" ብለው ከተቆጣጣሪው ጋር የሚከራከሩ ወላጆች አሉ። ወገኖቼ፣ የቁመት ልኩ የተቀመጠው ለፍርሃት አይደለም። ቀበቶውና መያዣው ብረት የተሠሩት ለተወሰነ የሰውነት መጠን ነው። አጭር ልጅ ከሥሩ ይሾልካል። ልኩን ካልደረሰ አልደረሰም፤ በቃ።

ሸርተቴ ላይ ትንሹን ልጅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ አትንሸራተቱ። ብዙ ወላጅ ለልጁ አዝኖ ነው የሚያደርገው። የሚሆነው ግን እንዲህ ነው፦ የልጁ ጫማ ጎኑን ይይዛል፣ እግሩ ይቆማል፣ የእናንተ ክብደት ግን ወደታች ይቀጥላል። የቅልጥሙ አጥንት የሚሰበረው ያኔ ነው። ልጁ ብቻውን ቢሆን ግን እግሩ ሲያዝ ራሱ ይቆም ነበር። ስለዚህ ለብቻው፣ በትንሹ ሸርተቴ ላይ፣ እናንተ ከጎን እጁን ይዛችሁ።

በአየር የተነፋው ጃምፒንግ ላይ ትልልቅና ትንንሽ ልጆችን አታደባልቁ። ትልቁ ሲዘል ትንሹ ይወረወራል፤ የሚጎዳውም ሁልጊዜ ትንሹ ነው። ወንድምና እህት ቢሆኑም በየተራ ይግቡ።

በክንድ የሚታሰሩ የሚነፉ ተንሳፋፊዎች መጫወቻ እንጂ ሕይወት አዳኝ አይደሉም። ይሾልካሉ፣ ይተነፍሳሉ። ወላጅን ደግሞ ያዘናጋሉ። ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዓይንን አይተካም።

እርጉዝ እናት የሚወዛወዝና የሚሽከረከር ነገር ላይ አትውጣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው አንድ ዋና የሚችል ሰው ለሱ ብቻ ተመድቦለት ነው፤ መድኃኒቱንም አንድ ቀን እንኳ መዝለል የለበትም። ከፍታ ላይ የሚወጣ ጨዋታን ግን ይተወው። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

📌 መንገዱ

ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ነገር የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮችና ከዘመድ ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቆይ። መዝናኛው የትም አይሄድም።

ከደብረ ሲና ጣርማ በር ያለውን ጠመዝማዛ ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪና በብዛት የሚያስመልሳቸው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ጆሮ "እየተንቀሳቀስን ነው" ሲል ዓይን ደግሞ የወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ ነው። ስለዚህ፦

👉 ከመነሳታችሁ በፊት ቀለል ያለ ምግብ ስጧቸው። ባዶ ሆድም፣ በዘይት የጠገበ ሆድም አይጠቅምም።
👉 ሩቅ ያለውን ተራራ በመስኮት እንዲያዩ አድርጉ። ስልክ ላይ ጌም መጫወት ያባብሳል።
👉 መስኮት ከፈት አድርጉ፤ "ንፋስ ይመታዋል" የሚለውን ለዛሬ ተዉት።
👉 ጆሯቸው ሲደፈን ትልቁ ማስቲካ ያኝክ፣ ትንሹ ይጥባ ወይም ውሃ ይጠጣ።

እዚህ ላይ በጣም አደራ የምለው አለ። "ለመንገድ እንዲተኛ" ተብሎ ፕሮሜታዚን (ብዙዎች ፌነርጋን የሚሉት) ለሕጻናት ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከ2 ዓመት በላይም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ። ልጅ ለማስተኛት መድኃኒት መስጠት በየትኛውም ዕድሜ ተገቢ አይደለም።

ሹራብና ካልሲ ከላይ ይሁን፤ ሻንጣ ሥር አይቅበሩት። ሸዋ ሮቢት በካናቴራ የተነሳ ልጅ ጣርማ በር ላይ ይንቀጠቀጣል።

📌 የቆላ ልጅ ደጋ ሄዶ ሲያተኩሰው

ይህን ክፍል በተለይ የይፋት ሰዎች ልብ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ አካባቢ ወባ አለ። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሮቢት ላይ የተነከሰ ልጅ የሚያተኩሰው አዲስ አበባ ፓርክ ውስጥ እያለ ሊሆን ይችላል። እናት "ብርዱ ነው፣ ውሃ ውስጥ ስለቆየ ነው" ትላለች። የአዲስ አበባው ጤና ባለሙያም ከየት እንደመጣችሁ ካላወቀ ጉንፋን ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

በፋልሲፓረም የሚመጣው ወባ ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገርና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልጁ ካተኮሰው መዝናኛው ይቁም። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ገና በር ላይ "እኛ ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣነው፣ ወባ ያለበት አካባቢ ነው፣ ደሙን መርምሩልን" በሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች። ፓራሲታሞል ሰጥቶ "እስኪ እስከ ነገ እንየው" ማለት አይሆንም።

የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮቢት ሲመጡም ያው ነው። ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ከተመለሱ በኋላ ካተኮሳቸው ሮቢት መሰንበታቸውን ይናገሩ።

ተቅማጥ ሌላው የጉዞ እንግዳ ነው። ሁለት ሦስት ፓኬት ኦአርኤስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። የሚያስቀምጠው ልጅ ዋና ገንዳ አይግባ። አንዳንድ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን የገንዳው ክሎሪን ቶሎ አይገድላቸውም፤ የሌላውንም ሰው ልጅ ታስይዛላችሁ። ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ሁሉን የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ልፍስፍስ ካለ ወደ ሐኪም ነው።

📌 ልጅ ቢጠፋስ?

ትንንሽ ልጆችን "እናትህ ማን ትባላለች?" ስትሏቸው "እማዬ" ይላሉ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የእናታቸውን ስም አስጠኗቸው። ለትንሹ ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አድርጉ። ሁሉንም ደማቅ፣ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ልብስ አልብሷቸው። ስትገቡ አንድ የማይጠፋ ቦታ አሳይታችሁ "ከተጠፋፋን እዚህ እንገናኝ" በሉ። ጠዋት በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው፤ ሲጠፋ "ምን ለብሶ ነበር?" ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ በድንጋጤ ደግሞ ሁሉ ነገር ይረሳል። ልጅ ከጠፋ ደግሞ በመጀመሪያ የምትሮጡት ወደ ውሃው ይሁን።

📌 ውሃ ውስጥ የሰጠመ ልጅ ቢያጋጥማችሁ

በእግሩ ዘቅዝቆ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው፤ ይጎዳልም። የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው።

👉 አውጡት፣ ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙት፣ እርዳታ ጥሩ።
👉 የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ትንሽ ወደኋላ፣ አገጩን ቀና አድርጉ። አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት፤ ደረቱ ከፍ ሲል መታየት አለበት።
👉 አሁንም ካልነቃ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ጫኑ፣ ከዚያ 2 ጊዜ እፍ በሉ። እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር አታቁሙ።
👉 ቢነቃም ሐኪም ሳያየው ቤት አይሂድ። ለሰዓታት መታየት አለበት።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

📌 እንግዲህ ለእህታችን መልሴ

እህቴ፣ ያለሽ ዓይን አንድ ነው። እሱም ያንቺው ነው። በአንድ ዓይን ሦስት ልጅ ይዞ የውሃ ፓርክ መሄድን አልመክርሽም። የ2 ዓመት ተኩሉን ልጅ ይዘሽ ዳር ብትቆሚ ሁለቱ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ወደ ሁለቱ ብትዞሪ ትንሹ ገንዳ ዳር ነው። ይህ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም፣ የቁጥር ጉዳይ ነው።

ግን ለልጅሽ ቃል ገብተሻል። በውጤቱ የተገባለት ቃል ዝም ብሎ መቅረት የለበትም፤ ልጅ ይህን አይረሳም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦

የመጀመሪያውን ቀን አዲስ አበባ እረፉ፤ ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት ፓርክ ትንሹ ይሩጥ፣ እናትሽም ቁጭ ብለው ይዩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁላችሁም አንድነት ፓርክ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሹ ከአያቱ ጋር ቤት ይተኛና አንቺ ሁለቱን ይዘሽ የሚሽከረከረው መጫወቻ ጋ ሂጂ። የዚያች ቀን ዓይንሽ የልጅቷ ነው። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ያለ አጎት ወይም አክስት፣ ዋና የሚችል ሰው፣ ትልቁን ልጅ ብቻ ይዞ ቢሾፍቱ ይውሰደው። አንድ ልጅ፣ አንድ ዓይን። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኘሽ ልጅሽን ቁጭ አድርገሽ እውነቱን ንገሪው፦ "ቃሌን አልረሳሁም፤ አባትህ ፈቃድ ሲያገኝ ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ። ዛሬ እንጦጦን ምረጥ።" የ13 ዓመት ልጅ ምክንያቱ ከተነገረው ይገባዋል። የማይገባው መታለል ነው።

አያችሁ አይደል? "ሁሉንም የሚያስደስት አንድ ቦታ" የሚባለውን ፍለጋ ትተን ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ግማሽ ቀን ሰጠነው። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

📌 አዲስ አበባ መሄድ ለማትችሉስ?

ኑሮው ከብዷል፤ አውቃለሁ። ልጅ የሚፈልገው ጨዋታና የእናንተን ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ይህ በዓመት አንድ ቀን ፓርክ በመሄድ አይሞላም። ጠንካራ ገመድና ጤነኛ ቅርንጫፍ ካለ ማንጎው ሥር ዥዋዥዌ ይሠራል። ኳስ አለ፣ ሰኞ ማክሰኞ አለ፣ ድብብቆሽ አለ። የሮቢት ሀሩር ስለሚከብድ ጠዋትና አመሻሽ ይሁን፤ ውሃም ደጋግመው ይጠጡ።

ወንዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰማዩ እኛ ጋ ጠራርጎ እያለ ደጋው ላይ ዘንቦ ደራሽ ይመጣል። ቀስ ብሎ የሚሄድ የወንዝና የመስኖ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ ጥገኛ ተሕዋሱ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ልጁ ሆዱን ከቆረጠመውና ደም የቀላቀለ ሰገራ ካየችሁ ወንዝ ውስጥ እንደሚጫወት ለሐኪሙ ንገሩት።

ለማጠቃለል፦ ዓይን ቁጠሩ፣ ልጅና ዓይን አጣምሩ፣ ስም እየጠራችሁ ተረካከቡ። "አንቺ ትንሹን፣ እኔ ትልቋን" ተባባሉ። "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያይም ማለት ነው።

እናንተስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የት ሄዳችሁ? ምን አጋጠማችሁ? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ለሌላው ወላጅ ይጠቅማል። ጽሑፉን ለጉዞ ለሚዘጋጅ ቤተሰብ ሼር አድርጉለት። ይህ ጠቅላላ ምክር ነው፤ የልጃችሁን የተለየ ሁኔታ የሚያውቀው ያከመው ሐኪም ስለሆነ እሱን አማክሩ።

ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ። መልካም ጤና!